የውሃ ገቢና ወጪ፤ ስለ ኵላሊት ሥራና ስለ ሕመምተኛ ጥበቃ

በመዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው አንድ ነገር በቶሎ ይማራል። የገባው ወረቀት ካልተጻፈ እንዳልገባ ይቈጠራል፤ የወጣውም ካልተጻፈ ጠፋ ይባላል። እኔም በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ብዙ ዘመን ስላገለገልሁ፥ ይህን ሥርዓት ከማንም ይልቅ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ዳሩ ግን ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፥ ከአንድ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ፥ ትምህርቷን ገና ካልጨረሰች አንዲት የነርስ ተማሪ ዘንድ ይህንኑ ሥርዓት እንደ አዲስ ተማርሁት። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ኵላሊት ሥራና በሰውነት ውስጥ ስላለው የውሃ ሚዛን ጥቂት ለመጻፍ ዐሰብሁ። ቃሌም ይልቁንም ነርስ ለመሆን ለሚማሩት ልጆቻችንና ሕመምተኛ ለሚያስታምሙት ቤተ ሰቦች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ታላቅ ወንድሜ የግንቦት ልደታን በዓል ለማክበር ከገጠር መጥቶ፥ በልደታ ካለው ቤቴ ዐርፎ ነበር። ጉልበቱን ስለሚያመው ከመድኀኒት ቤት የገዛውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን በየቀኑ ይውጥ ነበር። ከበዓሉ ማግስት ትውከትና ተቅማጥ ያዘው። በቤታችን የነበሩት ዘመዶችም ውሃ ከጠጣ ይብስበታል ብለው ከለከሉት፤ እኔም የሚያውቁትን ያውቃሉ ብዬ ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን ዐይኑ ጐደጐደ፥ ምላሱ ደረቀ፥ ቃሉ ተሳከረ፤ ሽንቱም ከጥዋት እስከ ማታ አልመጣም። ያን ጊዜ ደንግጠን ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው።

በዚያም ግሉኮስ ተከለሉት፤ የነርስ ተማሪዋም አንድ ዕቃ ሰጥታኝ፥ «ጋሼ፥ ሽንታቸውን በዚህ ይቀበሉልኝ፤ ሳልለካው እንዳይደፉት አደራ» አለችኝ። እኔም እሺ አልሁ። በሌሊት ግን ወንድሜ ሁለት ጊዜ ሸና። የታላቅ ወንድሜ ዕቃ በሰው ፊት ተቀምጦ ማደሩ አሳፍሮኝ፥ ሁለቱንም ጊዜ ወስጄ ደፋሁት። በነጋም ጊዜ ተማሪዋ መጥታ፥ «ከማታ ጀምሮ ምን ያህል ሸኑ?» ብትለኝ፥ «ደኅና ነው፥ ሸንቷል» ብዬ መለስሁላት። «ስንት ይሆናል?» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። በእጇ የያዘችውን ወረቀት ባየው፥ በገቢው ዐምድ 3 ሊትር ተጽፏል፤ የወጪው ዐምድ ግን ባዶ ነው።

ወዲያው ሐኪሙ ደረሰ። የሚቈርጠውም ነገር ቀላል አልነበረም። የወንድሜ ኵላሊት ሽንት እያወጣ ከሆነ፥ የጐደለው ውሃ እስኪሞላ ድረስ ግሉኮሱ ሊጨመርለት ይገባል፤ ኵላሊቱ ተዘግቶ ከሆነ ግን የሚጨመረው ውሃ መውጫ አጥቶ ወደ ሳንባው ይገባና ትንፋሹን ያፍነዋል። ይህን ከሚለዩት ምልክቶች አንዱን እኔ በሌሊት አፍስሼዋለሁ። ተማሪዋ ግን እኔን ለመወንጀልም፥ ራሷን ለማዳንም አልቸኰለችም፤ «ሁለት ጊዜ ሸንተዋል፥ ልኩ ግን አልተያዘም» ብላ እንደ ሆነው ተናገረች። በግምት አንድ አኃዝ ጽፋ ማለፍ ትችል ነበር፤ አልጻፈችም። ብዙ መዝገብ ያየሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ከዚህ ሁሉ ነገር ይልቅ ያስገረመኝ ይህ ነው።

እንግዲህ ኵላሊት ምንድር ነው? ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ኵላሊትን የምናውቀው በዳዊት መዝሙር ነው፤ በዚያ ኵላሊት ከልብ ጋር አብሮ ይጠራል፥ የሰው ስውር ሐሳብ የሚመረመርበት ቦታ ሆኖ ይነገራል። የሕክምና ትምህርትም በሌላ መንገድ ቢሆን ክብሩን አያሳንስበትም። ኵላሊቶች ሁለት ናቸው። በሆድ ዕቃ ኋላ፥ ከጐድን አጥንት ግርጌ፥ በአከርካሪ ግራና ቀኝ ይገኛሉ፤ ቀኙ በጉበት ምክንያት ጥቂት ዝቅ ይላል። እያንዳንዱ የሰው ጭብጥ ያህላል፤ ርዝመቱም ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። በያንዳንዱም ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ።

ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ያህል ወደ እነዚህ ሁለት ትንንሽ ብልቶች ይሄዳል፤ ይህም በየደቂቃው 1 ሊትር ያህል ማለት ነው። ማጣሪያዎቹም በአንድ ቀንና ሌሊት 180 ሊትር ያህል ውሃ ከደም ይጨልፋሉ። ይህ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ዘጠኝ ጊዜ ይሞላል። ሰው ግን በቀን የሚሸናው 1 ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የቀረው ወዴት ሄደ ቢባል፥ ኔፍሮኑ ከተጣራው ውስጥ ለሰውነት የሚጠቅመውን ውሃ፥ ጨውና ስኳር መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ይመለሳል፥ አንዱ ይጣላል። አንድ ብልኅ መጋቢ ዕቃ ቤቱን በየቀኑ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አውጥቶ፥ የተበላሸውን ብቻ ለይቶ፥ ደኅናውን መልሶ እንደሚያስገባ ማለት ነው።

ይህን የሚያዝዙ መልእክተኞችም አሉ። ሰው ውሃ ሲጠማው ከአንጎል በታች ካለች ትንሽ ዕጢ የሽንት መቀነሻ ሆርሞን ይወጣል፤ ኵላሊትም ትእዛዙን ተቀብሎ ውሃውን ይይዛል፥ ሽንቱም ይቀንሳል፥ ይጠቍራል። የደም ግፊት ሲወርድ ኵላሊት ራሱ ሬኒን የሚባለውን ያወጣል፤ ይህም በመጨረሻ ከኵላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አልዶስትሮን እንዲያወጡ ያደርጋል፤ አልዶስትሮንም ሶዲየም የሚባለውን የጨው ዐይነት ያስቀራል፥ ውሃም ጨውን ተከትሎ ይቀራል፤ ፖታሲየም ግን ይወጣል። ተማሪዎች ይህን የፖታሲየም ነገር ልብ ሊሉት ይገባል። ኵላሊት ሲደክም ፖታሲየም በደም ውስጥ ይከማችና ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ለጤነኛ ሰው መልካም የሆነው ሙዝና ብርቱካንም ለኵላሊት ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ፈቃድ የማይሰጠው ስለዚህ ነው።

ደግሞም ኵላሊት ሽንት ብቻ የሚያወጣ አይምሰላችሁ። የደምን ኮምጣጣነት ያስተካክላል፤ የአጥንት መቅኔ ቀይ ደም እንዲሠራ የሚያዝዝ ሆርሞን ያወጣል፤ ቫይታሚን ዲን አጥንት ሊጠቀምበት እንዲችል ያሰናዳል። ኵላሊቱ ለብዙ ጊዜ የታመመ ሰው ደሙ የሚያንሰውና አጥንቱ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ውሃው ሚዛን እንመለስ። ከጐልማሳ ወንድ ክብደት ከመቶው ስድሳ ያህሉ ውሃ ነው፤ በሴት ጥቂት ያንሳል፥ በተወለደ ሕፃን ግን ከመቶው ሰባ አምስት ይደርሳል። ስለዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድ 36 ሊትር ያህል ውሃ ተሸክሟል። ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ በሕዋሳት ውስጥ ይኖራል፤ አንዱ እጅ ከሕዋሳት ውጭ ነው። በደም ሥር ውስጥ የሚዞረው ግን ከዚህ ሁሉ 3 ሊትር ያህል ብቻ ነው። እግሩና ፊቱ ያበጠ ሕመምተኛ በደም ሥሩ ውስጥ ውሃ ሊያንሰው የሚችለው ስለዚህ ነው፤ ውሃው በሰውነቱ አለ፥ ግን በቦታው አይደለም። እንግዲህ ነርስ እብጠቱን ብቻ አይታ አትፍረድ፤ የልብ ትርታውንና የደም ግፊቱንም ትመልከት፥ ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረው እንደ ሆነም ትጠይቅ።

ኵላሊት በድንገት ሥራውን ሲያቆም ምክንያቱ በሦስት ይከፈላል። ይህንንም በውሃ ወፍጮ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንደኛው፥ ወደ ወፍጮው የሚመጣው ውሃ ሲደርቅ ነው፤ ተቅማጥ፥ ትውከት፥ ደም መፍሰስና የልብ ድካም ይህን ያመጣሉ። ሁለተኛው፥ ወፍጮው ራሱ ሲሰበር ነው፤ መርዛም መድኀኒት፥ የደም መመረዝና የኵላሊቱ የራሱ በሽታ ከዚህ ይቈጠራሉ። ሦስተኛው፥ መውረጃው ሲዘጋ ነው፤ ይህም በጠጠር ወይም በሽማግሌዎች ላይ በሚያብጠው የፕሮስቴት ዕጢ ይሆናል። የመጀመሪያው ቶሎ ካልታረመ ወደ ሁለተኛው ይለወጣል፤ ወንዙ የደረቀበት ወፍጮ ቈይቶ ይሰበራልና። ወንድሜን የደረሰበት የመጀመሪያው ነበር። በተቅማጡ ላይ እኛ ውሃ ከለከልነው፤ የሚውጠውም ክኒን ዲክሎፌናክ የሚባለው ዐይነት ነበርና፥ ወደ ኵላሊት የሚገባውን ደም ይባስ አጠበበበት። ይህ ክኒንና አይቡፕሮፌን የተባለው ሥቃይን ያስታግሣሉ፤ ነገር ግን ሰውነቱ ለደረቀ፥ ለሽማግሌና ኵላሊቱ ለታመመ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊሰጡ አይገባም።

በመኝታ ክፍል የሚያገለግሉ ተማሪዎች ይህን ልክ ያስታውሱ። ጐልማሳ ሰው ቢያንስ ለያንዳንዱ የክብደት ኪሎ በሰዓት ግማሽ ሚሊ ሊትር ሊሸና ይገባል። 60 ኪሎ ለሚመዝን በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር፥ በቀን 720 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በቀን ከ400 ሚሊ ሊትር ካነሰ አደጋ መድረሱ የታወቀ ነው። ክሬያቲኒን የሚባለው ቈሻሻ በደም ምርመራ ከፍ ብሎ እስኪታይ ሰዓታት፥ አንዳንድ ጊዜም ቀናት ያልፋሉ፤ የሽንት መጠን ግን በዚያው ሰዓት ይናገራል። ከላቦራቶሪው ይልቅ አስቀድሞ ምስክርነቱን የሚሰጥ ይህ ነው፤ የሚቀበለውም ከሕመምተኛው አጠገብ ያለው ሰው ነው።

አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ። አንድ ሕመምተኛ በአንድ ቀንና ሌሊት ግሉኮስ 2000፥ ውሃ በብርጭቆ 800፥ አጥሚት 300፥ ሻይ 300 ሚሊ ሊትር ገባለት እንበል። ድምሩ 3400 ነው። ሽንት 900፥ ትውከት 200፥ ተቅማጥ 700 ወጣው፤ ድምሩ 1800 ነው። ከዚህም ሌላ በላብና በትንፋሽ ሳይታይ የሚወጣ 800 ያህል ይጨመርበታል፤ ትኵሳት ካለበት ከዚህ ይበልጣል፤ አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ በደረቁ ወራት ትንፋሽ ብቻውን ብዙ ውሃ ይወስዳል። እንግዲህ ወጪው 2600 ይሆናል፤ በሰውነት የቀረው 800 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ 800 መልካም ነው ወይስ ክፉ? አኃዙ ብቻውን አይፈርድም። ሕመምተኛው ደርቆ የመጣ ከሆነ ዕዳ መክፈል ነው፤ አብጦ የመጣ ከሆነ በዕዳ ላይ ዕዳ መጨመር ነው። ለዚህም አስተማማኙ ዳኛ ሚዛን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፥ ሕመምተኛው በየጥዋቱ ከሸና በኋላ፥ ቍርስ ሳይበላ፥ በአንድ ዐይነት ልብስ በአንድ ሚዛን ቢመዘን፥ የመዝገቡ ሒሳብ ትክክል መሆኑና አለመሆኑ ይታወቃል። ሰው በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ሥጋ አይጨምርምና፥ የጨመረው ውሃ ነው።

መዝገቡም የሚበላሸው በታወቁ ስሕተቶች ነው። አንደኛው «በቂ ሸንቷል» ብሎ ያለ አኃዝ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ተረኛዋ ልትለወጥ ስትል ከትዝታ መሙላት ነው። ሦስተኛው አስታማሚ በስውር ያጠጣውን ሻይ፥ ከመድኀኒት ጋር የተዋጠውንና በመርፌ የገባውን ውሃ መርሳት ነው። አራተኛው በሽንት ጨርቅ የቀረውን መተው ነው፤ እርሱን ደረቁንና እርጥቡን መዝኖ ልዩነቱን አንዱን ግራም እንደ አንድ ሚሊ ሊትር መቍጠር ይቻላል። ስለ ብርጭቆና ስለ ኩባያም፥ በየቤቱ ልካቸው ስለሚለያይ፥ ሕመምተኛው የሚጠጣበትን አንድ ጊዜ በመለኪያ ሞልቶ ልኩን በወረቀቱ ራስጌ መጻፍ ነው።

ለቤተ ሰብም የሚሆን ምክር አለ። ተቅማጥና ትውከት የያዘውን ሰው ውሃ መከልከል ትልቅ ስሕተት ነው። ለምለም የተባለውን ንጥረ ነገር አንዱን ከረጢት ሙሉውን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ፥ በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ ማጠጣት ነው፤ ከ24 ሰዓት በላይ የቈየው ይደፋል። ለምለም ባይገኝ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል፤ ጨው ከዚህ አይብለጥ። ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ አንጀት ጨውንና ውሃን የሚቀበለው ከስኳር ጋር ሲሆን ነውና። ሕመምተኛው የሚጠጣውን ሁሉ ከተፋ፥ ከደከመና ከተሳከረ፥ ወይም ሽንቱ ከቀረ፥ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ያለባቸውም ኵላሊታቸውን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ያስመርምሩ፤ እነዚህ ሁለቱ ኵላሊትን ሳያሳምሙ በዝምታ ያጠፋሉና። በጾም ወራትም በሽተኛው ሐኪሙንና የንስሓ አባቱን ያማክር፤ ሥርዓቱ ለሕሙማን ይራራልና።

ኵላሊት ፈጽሞ ከጠፋ ዋጋው ከባድ ነው። የኵላሊት እጥበት የሚያስፈልገው ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፥ በያንዳንዱም ቀን አራት ሰዓት ያህል ከመኪናው ጋር ታስሮ ይውላል። በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፥ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር፥ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የኵላሊት ንቅለ ተከላ ተጀመረ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ኵላሊቱን የሚሰጥ ሰው ማግኘትና ከዚያም በኋላ ዕድሜ ልክ መድኀኒት መውሰድ ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ በአንድ ብርጭቆ ውሃና በአንድ መለኪያ ዕቃ ሊጠበቅ የሚችለውን ማጥፋት አይገባም።

አንዳንድ ሰዎች ግን የሕመምተኛን ዕቃ መለካት የዝቅተኛ ሰው ሥራ ይመስላቸዋል፤ እኔም በዚያች ሌሊት ያሳፈረኝ ይኸው ሐሳብ ነበር። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን የነርስነትን ትምህርት ተምረው፥ ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው የመታሰቢያ ሆስፒታል ከልደታ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ በጦር ኃይሎች ይገኛል። ይህ ሥራ ውርደት ቢሆን ኖሮ የንጉሥ ልጅ ባልተማረችው ነበር።

የወንድሜን መጨረሻ ሳልነግራችሁ አልቀርም። ሐኪሙ ሳንባውን አዳምጦ፥ እግሩን ተጭኖ ካየ በኋላ፥ የሽንት ቱቦ እንዲገባለትና በየሰዓቱ እንዲለካ አዘዘ። ተማሪዋም ከአልጋው ሳትርቅ ጻፈች፤ በመጀመሪያው ሰዓት 15፥ ከዚያ 20፥ ከዚያ 35፥ እስከ ማታ 60 ሚሊ ሊትር ደረሰ። እኔም በዕድሜዬ ሙሉ ብዙ አኃዝ ብጽፍም፥ እንደዚያች ቀን አኃዝን በጕጕት የጠበቅሁበት ጊዜ አልነበረም። ወንድሜ በዐሥረኛው ቀን ድኖ ወጣ። ሲሰናበተንም ተማሪዋን መርቆ፥ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፥ «አንተ የመንግሥት ጸሓፊ፥ የኔን መዝገብ ደፋኸው!» ብሎ ሣቀብኝ።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፥ የምትለኩትን በሰዓቱ ለኩ፤ ያልለካችሁትን በግምት አትጻፉ፤ ያመለጣችሁም ካለ «አልተለካም» ብላችሁ ለመጻፍ አትፈሩ። አስታማሚዎችም፥ ነርሷ «አትድፉ» ያለቻችሁን አትድፉ። እግዚአብሔር ሕሙማንን ይፈውስ፤ የሚያስታምሙትንም ያጽና።